ለጡንቻ ዕድገት፦ የዙር ብዛትና የክብደት ጭማሪ ሚዛን

ብረት ገፍቶ ጡንቻ ለማሳደግ ሁለት ነገሮች አብረው ይታሰባሉ። አንደኛው የሥራው ብዛት ነው፤ ማለትም አንድ ጡንቻ በሳምንት የሚሠራው የከባድ ዙር ቁጥር (ዙር ማለት ሳያርፉ በተከታታይ የሚነሳው ነው)። ሁለተኛው ጭነቱን ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ነው። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ማድጋ፣ ማለትም በእንቅልፍ፣ በምግብና በእረፍት ከሚሞላው የማገገም አቅም ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚጨምር ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባለበት ይቆማል።

ጭነትን በሥርዓት ማሳደግ በሕክምና ቤት የታወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ነው። ቶማስ ደሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም የተጎዱ ወታደሮችን በከባድ ክብደት ማሠራት ጀመረ። በ1948 እ.ኤ.አ. ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ያሳተመው ዘዴ 3 ዙር ነበረው፦ ታካሚው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳ የሚችለው ክብደት ተለክቶ፣ መጀመሪያ ግማሹን፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ በመጨረሻ ሙሉውን 10፣ 10 ጊዜ ያነሳል።

ዙር ሲቆጠር ማሟሟቂያው አይገባም። የሚቆጠረው ሲያልቅ ከ1 እስከ 3 ድግግሞሽ፣ ማለትም ከ1 እስከ 3 ጊዜ ለማንሳት የሚበቃ አቅም ብቻ የሚቀርበት ዙር ነው። ለጀማሪ በሳምንት ለአንድ ጡንቻ ከ6 እስከ 10 ዙር ይበቃል፤ ለቆየ ሰው ከ10 እስከ 20። ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ ተንጋሎ ባሩን፣ ማለትም የክብደት ዘንጉን፣ ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ለደረት እንደ አንድ ሙሉ ዙር፣ ለክንድ የኋላ ጡንቻ እንደ ግማሽ ቢቆጠር ሒሳቡ ከእውነታው ጋር ይቀራረባል። ሰኞ ለደረት 16 ዙር ሠርቶ ሳምንቱን ሙሉ ከመተው፣ ስምንት ስምንቱን ለሁለት ቀን መክፈል ይሻላል፤ በአንድ ቀን የመጨረሻዎቹ ዙሮች ድካም እንጂ ብዙ ዕድገት አይጨምሩም። በከባድ እንቅስቃሴዎች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማረፍ ያስፈልጋል። በ45 ሴኮንድ ተመልሶ ባሩን የሚይዝ ሰው ትንፋሹ ከጡንቻው ቀድሞ ያልቅበታል።

ለክብደት ጭማሪ በጣም አስተማማኙ መንገድ መጀመሪያ ድግግሞሹን፣ ከዚያ ኪሎውን ማሳደግ ነው። ለምሳሌ 50 ኪሎ ቤንች በ3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ይያዛል። ዛሬ 10፣ 9፣ 8 ከወጣ፣ በሌላ ቀን 12፣ 11፣ 10 ይሆናል። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞሉ በየጎኑ 1.25 ኪሎ ይጨመርና 52.5 ይገባል፤ ድግግሞሹ ወደ 10 እና 9 ቢወርድ ትክክል ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ስለማይቻል ደብተር ያስፈልጋል።

በየሰፈሩ በብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ ጣሳ ሙሉ ኮንክሪት ሞልተው ለሚሠሩት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ኮንክሪት በሊትር ወደ 2.4 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 4 ሊትር የቀለም ጣሳ 9.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ግን ጠጠሩ ከበዛበት ጎን ያጋድላል። ሁለቱን ጎን በሚዛን መለካት ይገባል። ትንሽ ትንሽ ለመጨመር ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ በየጎኑ አንድ አንድ ማሰር 2 ኪሎ ይሰጣል። ጎደሎ ከሆነ ውኃው እየተንቦጫቦጨ ባሩን ያወዛውዛል፤ ከጣሳው ጋር ጥብቅ ተደርጎ ካልታሰረም እንዲሁ። ይህ ከሌለ ያው ክብደት ይያዝና ድግግሞሹ እስከ 20፣ እስከ 30 ይወሰዳል፤ ወደ መጨረሻ አቅም እስከቀረበ ድረስ ቀላል ክብደትም ጡንቻ ያሳድጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኪሎ ሲጨምር እንቅስቃሴውን ማሳጠሩ ነው። ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ ጭኑ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሳይደርስ ይነሳል፣ ቤንች ላይ ባሩን ደረቱ ላይ ያነጥረዋል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ አደገ እንጂ የጡንቻው ሥራ አላደገም። ሌላው ስህተት ጭማሪው ሲቆም ወዲያው ዙር መደራረብ ነው። በተከታታይ ሁለት ቀን ድግግሞሹ ከወረደ፣ መገጣጠሚያ ካመመ፣ እንቅልፍ ከተረበሸ የበዛው ዙሩ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ክብደቱን እንዳለ ይዞ ዙሩን በግማሽ መቀነስ ይገባል። እንቅልፉም ምግቡም ደህና ሆኖ፣ ድካም ሳይኖር ቁጥሩ ለሳምንታት ካልተንቀሳቀሰ ግን በሳምንት 2 ዙር መጨመር ተገቢ ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ማድጋው ይጎድላል። ለጡንቻ ዕድገት በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይመከራል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር የሚሰጠው ወደ 25 ግራም ስለሆነ፣ ሽምብራና አኩሪ አተር ካልታከሉበት አይሞላም። ያለውን ጡንቻ ለመጠበቅ ግን ወጣት ሰው ከተለመደው ዙር አንድ ሦስተኛው ይበቃዋል፤ ክብደቱ እስካልተቀነሰ ድረስ። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ ኪሎውን አቅልለው ዙሩን ያበዛሉ፣ ጡንቻም የሚወርደው ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ ዙሩ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየተጨመረ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን የሚጀምር ሰው ለቀናት ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው እግሩ ይታመማል።