ሦስት ጊዜ በታንኳ ላይ

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖቼ።

ብዙዎቻችን ጠዋት ስልካችንን ከፍተን በቴሌግራም የተላከች አንዲት ጥቅስ እናነባለን። «አሜን» ብለን ባጃጅ ለመያዝ እንሮጣለን። ጥቅሷ ምንም አላጠፋችም። ግን ጥቅስ ብቻ እየለቀመ የሚኖር ሰው የኢየሱስን ተስፋዎች ይይዛል እንጂ እሱን ራሱን በቅጡ አያውቀውም። ወንጌልን ከነታሪኩ፣ በተርታ ማንበብ ያስፈልጋል።

ማርቆስን እንውሰድ። 16 ምዕራፍ ነው፤ ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ። ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ ቅርብ ነው፤ የመጀመሪያ ምዕራፎቹ ሐይቅ ዳር ሐይቅ ዳር ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶበት ከዘጌ በጣና ላይ የተመለሰ ሰው የምዕራፍ 4ን ማዕበል ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። የገሊላ ሐይቅ ከጣና በጣም ያንሳል፤ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተራሮች መሃል ስለተኛ ንፋሱ ድንገት ይወርድበታል። (በነገራችን ላይ፣ የእኛን የደንገል ታንኳ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በ1986 በዚያው ሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ የተገኘው የጥንት ጀልባ የእንጨት ነው፤ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል።)

በዚያ ማዕበል ውስጥ ኢየሱስ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ትራሱን የሚነግረን ማርቆስ ብቻ ነው። ሲያስተምር ውሎ ደክሞታል። ያው የደከመው ሰው ተነስቶ ነፋሱን ይገሥጻል፤ ነፋሱም ይተዋል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ደቀ መዛሙርቱም «ይህ ማን ነው?» ብለው ነው የቀሩት።

ምዕራፍ 6 ላይ አምስት ሺህ ሰው ጠግቦ፣ ደቀ መዛሙርቱ እንደገና ሐይቁ ላይ ናቸው። ኢየሱስ በውኃ ላይ ሲመጣ ምትሃት መሰላቸውና ጮኹ። ማርቆስ ምክንያቱን ሲናገር «ስለ እንጀራው አላስተዋሉምና» ይላል። ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ አራት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ታንኳዋ ውስጥ ያለችው እንጀራ አንድ ብቻ ሆነችና ተጨነቁ። ወይ ጉድ! እሱም «ገና አታስተውሉምን?» አላቸው።

ይሄ ክር የሚታየው በተርታ ላነበበ ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ የኢየሱስ ትዕግሥት ነው። ይጠይቃቸዋል፣ ይገሥጻቸዋል፤ ደግሞ አብሯቸው ይሻገራል። ሳይገባቸው እንኳ አልተዋቸውም።

ስታነቡ «ለእኔ ምን አለ?» የሚለውን ትንሽ አቆዩት። መጀመሪያ እሱ ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንዳየ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀ ተመልከቱ። ያንኑ መልሳችሁ በጸሎት ንገሩት። ማርቆስ 1፥35 ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ለብቻው እንደጸለየ ይናገራል፤ የሌሊት ፈረቃ ያለበት ሰው ግን ማታ ቢያነብ ማንም አይቀየመውም።

ነገ 4፥35-41ን አንብቡ። በማግስቱ 6፥30-52፣ ከዚያ 8፥1-21። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራፍ 1 ተመልሳችሁ በተርታ ሂዱ።