ስለ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

የፈተና ሰሞን ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ የየግቢው ላይብረሪ ከንጋት ጀምሮ ጢም ይላል። ደብተር ጥሎ ቦታ የሚይዘው ብዙ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ግን ጭር ይላል። ላይብረሪን ከማንበቢያ ቦታ ለይተን ስለማናየው ነው። ይሄ በጣም ያስቆጨኛል።

«ጎግል ላይ የማይገኝ ነገር የለም።»
አለ እንጂ! ብዙ ጆርናሎች፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍ የሚያወጡ መጽሔቶች፣ በነፃ የሚያሳዩት አጭር ማጠቃለያውን ነው። ሙሉውን ለማንበብ በዶላር ክፈሉ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ እና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመራው አጎራ የተባሉት የጆርናል ማንበቢያ ድረ ገጾች ግን ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ክፍት ናቸው። ሂናሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ። መግቢያው የሚሰጠው ለተመዘገበ ተቋም ስለሆነ ላይብረሪያኑን ጠይቁ። ሐረር ላይ ሕክምና የሚማር ልጅ ገንዘብ አጥቶ አንድ ጽሑፍ ሳያነብ ማለፍ የለበትም።

«የድሮ ቴሲስ ማን ያነበዋል?»
ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቴሲስ ተማሪ ለመመረቂያ የሚጽፈው ጥናት ነው። የሐረማያ ሐይቅን አስቡ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ በ1990ዎቹ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው መመለስ ጀምሯል። ድሮ ጥልቀቱ ስንት ነበር? ዳር ዳሩን ምን ይዘራ ነበር? ይህን ዛሬ ሄዶ መለካት አይቻልም። ያለው አማራጭ በጊዜው ለክቶ የጻፈ ሰው መፈለግ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1940ዎቹ መጨረሻ እዚያው አካባቢ በእርሻ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረ ተቋም ነው፤ ስለዚህ መፈለግ የሚጀመረው ከድሮ ቴሲሶቹ ነው። የቴሲስ መደምደሚያ ሊያረጅ ይችላል፤ በመስክ የተሰበሰበ ቁጥር ግን ሁሌም ይፈለጋል። እኔ ቴሲስ ሳነሳ መጀመሪያ የምገልጠው ከኋላ ያለውን አባሪ ነው። መጠይቁም፣ ጥሬው ሠንጠረዥም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።

«አርካይቭ የታሪክ ተማሪዎች ጉዳይ ነው።»
አርካይቭ (የቆዩ ሰነዶች ማከማቻ) ሲባል ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም እንዳሉት ዓይነት ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ብቻ ይመስሉናል። ግን ተራ የሥራ ወረቀትም አርካይቭ ነው። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእሱ ምክንያት ነው። ምድር ባቡር የሠሩ አያት የደሞዝ ወረቀታቸው ሳጥን ውስጥ ተርፎ ከሆነ፣ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የዘመኑን ኑሮ ማስያ ነው። የድልድይ ንድፍ ለሲቪል ምህንድስና ተማሪ ይጠቅማል። አርካይቭ ውስጥ እስክሪብቶ የሚከለከለውም ለማስቸገር አይደለም። ቀለም ሰነድ ላይ ከነካ አይለቅም፤ እርሳስ ግን ይጠፋል። የወረቀቶቹንም ቅደም ተከተል አታዛቡ። የትኛው ደብዳቤ ለየትኛው መልስ እንደሆነ የሚታወቀው በአቀማመጣቸው ነው።

«ለትምህርት ከሆነ መጽሐፉን ሙሉውን ኮፒ ማድረግ ይቻላል።»
አይቻልም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን ቢፈቅድም፣ ሙሉ መጽሐፍን ወይም አብዛኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒ ማድረግን አይጨምርም።

«ላይብረሪያን መጽሐፍ አውጪና መላሽ ነው።»
ሙያው ተጠንቶ የሚገባበት ነው። ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። «ስለ ቡና መጽሐፍ አለ?» ካላችሁ ወደ መደርደሪያው ይጠቁማችኋል። «የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ለምን ጫት ተከለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ከቴሲስ፣ ከጆርናልና ከመንግሥት ሪፖርት አብሯችሁ ይፈልጋል። ይሄን ደግሞ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት አድርጉት፤ ማስረከቢያው ሳምንት ሲቀረው ጊዜ አይበቃም።