«አጥራቸው የት ነው?» ጅብ ለማየት ሐረር ለሚመጣ እንግዳ

አምና የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ወደ ጅቡ ፓርክ ውሰደኝ» አለኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወሰድኩት። በቅርብ ዓመታት የተሠራውን ኢኮ ፓርክ ዞረ፣ አትክልቱን አየ፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ቆም ብሎ «ጅቦቹስ? አጥራቸው የት ነው?» አለኝ። አቦ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ! ግን አልፈርድበትም። ከሚመጣው እንግዳ አብዛኛው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

«ጅቦቹ እንደ አንበሳ ግቢ ተይዘው የሚኖሩ ናቸው»

አይደሉም። የሐረር ጅብ የማንም አይደለም። ቀን ከከተማው ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ይመጣል። ካላሰኘው ደግሞ ይቀራል። ስለዚህ ለአትክልቱና ለእግር ጉዞው ከሆነ ቀን ሂዱ፤ ለጅቡ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ድረሱ፤ ያን ጊዜ ነው አንድ ሰው ጅቦቹን እየጠራ እንግዳ ፊት ሥጋ የሚያበላቸው።

ጅቡ ደግሞ ፓርኩ ከመሠራቱ በፊትም ነበረ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን የጀጎል ግንብ ስትዞሩ እግሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ልብ በሉ። በሐረሪኛ «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ድሮ በሮቹ ማታ ሲዘጉ ጅቡ በዚያ ሾልኮ ይገባና አጥንቱን፣ ትርፍራፊውን ለቃቅሞ ሊነጋጋ ሲል ይወጣል። ደሞዝ የማይጠይቅ ጽዳት ሠራተኛ በሉት። ግንቡን በእግር መዞር ራሱ ከፓርክ አያንስም፤ ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«የሚያበላው ሰው ድግምት አለው»

ይህን የተማሩ ሰዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ። መድኃኒት ቀብሯል፣ ቡዳ ነው፣ ምን የማይባል አለ። ከአምስቱ የጥንት በሮች አንዱ በአማርኛ «ቡዳ በር» መባሉም ወሬውን ሳያጣፍጠው አልቀረም። በሐረሪኛ ግን በድሮ በሪ ነው።

ምስጢሩ ልማድ ነው። ቦታው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ የሚጠራው ድምፅም ያው። ጅብ ድምፅ ይለያል። ሰውየው እያንዳንዱን በስሙ ሲጠራ ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ዓይን ብቻ ይታያል፣ አረንጓዴ። ከዚያ ወፍራም አንገት። ሥጋው አጭር እንጨት ላይ ይጠቀለላል፣ ደፋር እንግዳ እንጨቱን በጥርሱ ይይዛል፣ ጅቡ ቀስ ብሎ ይወስደዋል። ለእንግዳ ማሳየቱ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ አካባቢ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን የአሹራ ገንፎ ነው። በሙሐረም 10ኛው ቀን ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል።

«ጅብ ወንድም ሴትም ነው»

ይህ ስህተት መነሻ አለው። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንዱን ይመስላል፤ የምትወልደውም በዚያው ነው። ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም። ግን ሴቷ ሴት፣ ወንዱም ወንድ ነው።

ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው። በተረታችን «አያ ጅቦ» እንላለን አይደል? በእውነተኛው መንጋ አለቃዋ ሴቷ ናት። በአካልም ትበልጣለች። ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ከሴቶቹ ሁሉ ሥር ነው። ግልገሉም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በማብላቱ ሰዓት ልብ ብላችሁ እዩ፤ ትልቋ ጠጋ ስትል ሌሎቹ ጭራቸውን ሸጉጠው ወደ ኋላ ይላሉ። «እሜቴ ጅቢት» ብንላት ይሻል ነበር።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል»

ተረቱ ያምራል፣ ጅቡ ግን እያስመሰለ አይደለም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ ስለዚህ ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል። ሲሮጥ ታያላችሁ።

ጥምብ ብቻ ነው የሚበላው የሚባለውም ልክ አይደለም። ዱር ያለው ራሱ አድኖ ይበላል። የእኛው ከተሜ ስለሆነ የቄራና የገበያ ትርፍራፊ ይቀለዋል። አጥንት ሳይቀር ፈጭቶ ስለሚበላ እበቱ እንደ ኖራ ይነጣል። ግንቡን ስትዞሩ ነጭ ኳስ ነገር ካያችሁ የማን እንደሆነ አወቃችሁ ማለት ነው።

«ምሥራቅ ነው፣ ይሞቃል»

ድሬዳዋ ይሞቃል፤ ሐረር ግን 1,885 ሜትር ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ማታ በቲሸርት ወጥቶ የእኔን ጃኬት ለብሶ ተመለሰ። ጃኬቱን እስካሁን አልመለሰም።

«ለማዳ ስለሆነ ቢነካም ምንም አይል»

እዚህ ላይ አልቀልድም። ሰው ለመደ እንጂ የቤት እንስሳ አልሆነም። አዋቂ ጅብ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ መንጋጋው አጥንት ይሰብራል። የሚያበላው ሰው ቁም ያላችሁ ቦታ ቁሙ። አትሩጡ። ሕፃን ልጅ እጃችሁን አይልቀቅ። ፍላሽ ፊቱ ላይ አታብሩ። ከሰውየው ርቃችሁ በራሳችሁ ሥጋ ለመስጠት አትሞክሩ።

ያን ማታ ስንመለስ በእግር ነበርን። ጠባቧ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጫታቸውን ይቅማሉ። ከኋላችን አንድ ጅብ መጣ፣ አለፈን፣ ወደ እሳቸው ሄደ። ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እንዲያልፍ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉለት። የአክስቴ ልጅ የያዘው ክንዴ በማግስቱ በልዞ አደረ።