ስለ አክሮባቲክ ጂምናስቲክ ተወዳዳሪዎች የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክሮባቲክ ጂምናስቲክ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ስፖርተኞች ያለ ምንም መሣሪያ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወጣና እየተወረወረ፣ 12 ሜትር በ12 ሜትር በሆነ ወለል ላይ በሙዚቃ ታጅበው የሚወዳደሩበት የጂምናስቲክ ዘርፍ ነው። ውድድሩ የሴት ጥንድ፣ የወንድ ጥንድ፣ ድብልቅ ጥንድ፣ የሦስት ሴቶች ቡድን እና የአራት ወንዶች ቡድን ተብሎ በአምስት ይከፈላል። ብቻውን የሚወዳደር ሰው የለም። ስለዚህ ስፖርት ከሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ተዘንግቶ የጋራ የሆነው የውድድር ሕይወት እንደ ግለሰብ ሲታይ ነው።

«ይህ የሰርከስ ትርኢት እንጂ ስፖርት አይደለም»

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1974 በሞስኮ የተካሄደ ሲሆን፣ ዘርፉ ዛሬ የሚተዳደረው በዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ነው። ተወዳዳሪዎች የሚሠሯቸውን እንቅስቃሴዎች አስቀድመው በጽሑፍ ያስመዘግባሉ፤ ዳኞችም የአፈጻጸሙን ጥራት፣ የአስቸጋሪነት ደረጃውን እና ጥበባዊ አቀራረቡን ለየብቻ ይመዝናሉ። ሚዛን በመጠበቅ ላይ ባተኮረው ውድድር አንድ ቅርጽ ለ3 ሰከንድ ሳይነቃነቅ መያዝ አለበት። ሰርከስ ላይ አንድ ሙከራ ሲከሽፍ ትርኢተኛው ደግሞ ሞክሮ ከበፊቱ የበለጠ ጭብጨባ ሊያገኝ ይችላል፤ እዚህ ግን የወደቀ ነጥቡን አጥቷል።

«ጎበዝ ከሆኑ ኦሊምፒክ ላይ እናያቸዋለን»

አናያቸውም። በኦሊምፒክ የጂምናስቲክ መርሐ ግብር ውስጥ ያሉት አርቲስቲክ፣ ሪትሚክ እና ትራምፖሊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቡዌኖስ አይረስ በተካሄደው የወጣቶች ኦሊምፒክ ድብልቅ ጥንድ ተካቶ የቡልጋሪያ ጥንድ ወርቅ ያገኘ ቢሆንም፣ ለአዋቂዎቹ በሩ እስካሁን አልተከፈተም። ስለዚህ አንድ ስፖርተኛ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖም ኦሊምፒክን ሳይረግጥ ውድድር ሊያቆም ይችላል። ብዙ አገሮች የስፖርት በጀታቸውን የሚደለድሉት ኦሊምፒክን እያዩ በመሆኑ፣ ጉዳቱ ከክብር አልፎ ኪስም ይነካል።

«ኮከቧ ከላይ ያለችው ናት፤ ከሥር ላለው ጉልበት ይበቃዋል»

የተመልካች ዓይን ወደ ላይ ቢሳብ አይፈረድበትም፤ ሚዛን የመጠበቁ ሥራ ግን በአመዛኙ የታችኛው ነው። ከላይ ያለችው ስፖርተኛ በባልደረባዋ መዳፎች ላይ በእጆቿ ስትቆም፣ ዋና ኃላፊነቷ ከትከሻዋ እስከ እግር ጣቶቿ ሰውነቷን አጥብቃ እንደ አንድ ዘንግ መያዝ ነው። ከሥር ያለው ክብደቷ ወደ ጣቶቹ ወይም ወደ መዳፉ ሥር ሲያደላ ወዲያው ይሰማዋል፤ ያን ጊዜም የእጁን አንጓና ክርኑን፣ ካስፈለገም እግሩን፣ በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ከሥሯ ይከተላታል። ሁለቱም በየፊናቸው ሚዛን ለማስተካከል ከሞከሩ አንዱ ያቀናውን ሌላው ያበላሸዋል። በመሆኑም ከላይ ያለችው መውደቅ የጀመረች ሲመስላት እንኳ አለመንቀሳቀስን መልመድ አለባት፤ ይህ ደግሞ በእኔ አስተያየት ከፍታን ካለመፍራት የሚከብድ ችሎታ ነው። በውርወራ ጊዜም ከሥር ያለው ዓይኑን ሳይነቅልባት ወደምትወርድበት ቦታ ቀድሞ ገብቶ፣ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ ተቀብሏት፣ ጉልበቱን እያጠፈ ፍጥነቷን ያበርዳል። ዳኞች ለጥንዱ የሚሰጡት አንድ ነጥብ እንጂ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ነጥብ አይደለም።

«ከላይ የምትወጣው ልጅ ቁመቷ ሲጨምር ነገሩ አበቃ»

የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ ጥምረቱ ነው። ያደገችው ልጅ በሦስት ሴቶች ቡድን ውስጥ መካከለኛውን ቦታ ልትይዝ፣ ወይም ታናሽ ባልደረባ ተሰጥቷት እሷ ከሥር ልትሆን ትችላለች። ሚናዋን መቀየሯ ግን ከዜሮ እንደመጀመር ሊቆጠር ምንም አይቀረውም፤ የመያዣ ስሜቱ፣ የውርወራው ሰዓት፣ መተማመኑም ጭምር ከአዲሱ ሰው ጋር እንደገና ይገነባል። ከሥር የነበረውም እንዲሁ አዲስ ባልደረባ እስኪገኝለት ድረስ፣ ሙሉ ጤነኛና ብቁ ሆኖ ሳለ፣ ከውድድር ውጭ ሊቀመጥ ይችላል። በአንድ ጥምረት ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ስፖርተኞች መገናኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ በወጣቶች ውድድር ከ11 እስከ 16 ዓመት የሚል ሰፊ ምድብ መኖሩ አያስገርምም።

«ጉዳት የሚደርሰው ከወደቁ ነው»

መውደቅ አንዱ መንስኤ ብቻ ነው። የእጅ አንጓ፣ የታችኛው ወገብ እና ጉልበት በየዕለቱ ከሚደጋገም ጫና ቀስ በቀስ ይጎዳሉ፤ ይህም ሳይወድቅ ከሥር የተሸከመውን ሰው ይጨምራል።

«ሻምፒዮን ከሆኑ በሽልማቱ ይኖራሉ»

አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ተማሪዎች ወይም ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የልምምዱን ወጪም ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው። ክፍያው የሚመጣው በአመዛኙ ውድድሩን ካቆሙ በኋላ፣ በአሰልጣኝነት ወይም እንደ ሰርክ ዱ ሶሌይ ባሉ የትርኢት ኩባንያዎች በመቀጠር ነው። በዚያም የሚጠበቅባቸው ነገር ይለወጣል። ለሻምፒዮና ወራት የተለፋበት አስቸጋሪ ውርወራ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ በሚቀርብ ትርኢት ላይ ሁልጊዜ እንደማይሳካ ስለሚታወቅ፣ ብዙውን ጊዜ ቀለል ባለና አስተማማኝ በሆነ ይተካል።