«ቀላል ጠመንጃ» ለትራፕ ተኩስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማርኛ «ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ክብደቱ ያነሰውንም፣ የማያስቸግረውንም እንጠራበታለን። ልጄ የተማሪዎች የትራፕ ተኩስ ቡድን ውስጥ ስትገባ እኔን ያሳሳተኝ አንዱ ይኸው ነው። የምንኖረው ሚኒሶታ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሸክላ ዒላማ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውም በዚሁ ግዛት ነው። ልጄ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር፣ ሰውነቷም ቀጭን ነው። «ቀላል ጠመንጃ ግዛላት» ያላለኝ ሰው አልነበረም። እኔም 2.7 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ 20 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ገዛሁላት። በአራተኛው ሳምንት ትከሻዋ በልዞ፣ ወደ ሜዳው መሄድ ጠልታ ነበር። ሌላ ወላጅ ልጁን በዚህ መንገድ እንዳያስከፋ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን እጽፋለሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ትራፕ ማለት ዝቅ ካለች ትንሽ ቤት ውስጥ በማሽን የሚወረወር የሸክላ ሳህን ከተኳሹ እየራቀ ወደ ላይ ሲበር በሾትገን መምታት ነው። ሾትገን ብዙ የእርሳስ ፍሬ በአንድ ጊዜ የሚረጭ ጠመንጃ ነው። በአሜሪካው ደንብ የሳህኑ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጀማሪ ከቤቷ 16 ያርድ፣ ማለትም 14.6 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቆማል። በአምስት ቦታዎች አምስት አምስት ጊዜ ስለሚተኩስ አንድ ዙር 25 ጥይት ነው።

«ጠመንጃው ከቀለለ ተኩሱም ይቀላል»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህ ነው። እርሳሱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው በእኩል ግፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ግፊቱን ተቀብሎ የሚያዘገየው የጠመንጃው ክብደት ነው። ክብደቱ ሲቀንስ ጠመንጃው በበለጠ ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመጣል። አራት ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ በ28 ግራም እርሳስ ወደ 20 ጁል በሚጠጋ ጉልበት የሚመታ ከሆነ፣ ያው ጥይት ሦስት ኪሎ ግራም ከሚመዝን ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ 27 ጁል ይጠጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚተኩስ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ልጄ ግን በአንድ ምሽት ሁለት ዙር፣ 50 ጥይት ትተኩስ ነበር።

ጉዳቱ ከበለዘ ትከሻ አልፎ ይሄዳል። አሠልጣኟ አንድ ቀን ሳይነግሯት ባዶ ቀለህ አጎረሱላት። ሳህኑ ወጣ፣ ልጄ ቃታውን ሳበች፣ «ቀጭ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ሲወርድ በዓይኔ አየሁት፤ የእሷም ዓይኖች ተጨፍነው ነበር። ገና ያልመጣውን ምት ፈርታ ጠመንጃውን ራሷ ወደ ታች ትገፋው ነበር ማለት ነው። ይህ ልማድ በጥቂት ሳምንታት ይገባል፤ ለማስወጣት ወራት ይፈጃል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ «ዓይንሽን በደንብ ግለጪ» እያልኩ እቆጣት ነበር።

ሀገር ቤት ላደግን ሰዎች ስህተቱ የሚመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። እዚያ ጠመንጃ የሚመዘነው በትከሻ አንግተውት ዳገት ሲወጡ ነው። ለአዳኝም እንዲሁ ነው፤ ቀላል ሾትገኖች የሚሠሩት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ጥቂት ለሚተኩስ ሰው ነው። ትራፕ ተኳሽ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ብዙ ይተኩሳል። ለዚህ ነው የትራፕ ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከ3.6 እስከ 4.1 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት።

«20 ጌጅ ከ12 ጌጅ ያነሰ ይመታል»

የጌጅ ቁጥር የሚናገረው ስለ አፈሙዝ ስፋት ነው፤ ባለ 12 ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 20 ደግሞ ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ምቱን የሚወስኑት የእርሳሱ ክብደት፣ ፍጥነቱና የጠመንጃው ክብደት ናቸው። የተለመደው የ20 ጌጅ ጥይት 25 ግራም ያህል እርሳስ ይይዛል፤ ለ12 ጌጅም ባለ 24 ግራም ጥይት እንደልብ ይገኛል። ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ 2.7 ኪሎ የሚመዝነው የልጄ 20 ጌጅ 3.6 ኪሎ ከሚመዝን 12 ጌጅ በአንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ጉልበት ወደ ትከሻዋ ይልክ ነበር። ይህን ሒሳብ ከመግዛቴ በፊት ባውቀው ኖሮ ብዬ አሁንም እቆጫለሁ።

ሁለቱም ዓይነት ጠመንጃ ያለበት ቤት አንድ ነገር ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባውም። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ተንሸራትቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ጠመንጃው ባዶ መስሎት ከኋላ የ12 ጥይት ጨምሮ የሚተኩስ ሰው አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳበታል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ እንዲሆን የተለመደው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ኪስ ወይም በአንድ ቦርሳ መያዝ አይገባም።

«ልጁ ወደ ኋላ የሚለጠጠው ጠመንጃው ስለከበደው ነው»

አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሰደፉ ርዝመት ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ለአዋቂ በአብዛኛው 36 ወይም 37 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለትንሽ ልጅ ከ30 እስከ 33 ይበቃል። ሰደፉ ሲረዝም ልጁ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወገቡን አስግጎ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ይጥላል። በዚህ አቋም ሁለት ኪሎም ይከብዳል። ልጄን ከጎን ቆሜ ሳያት ልክ እንደዚህ ነበረች። አሠልጣኟ ሰደፉ ያጠረ፣ 3.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን 12 ጌጅ ሲያውሷት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያም ወደ ፊት ጎንበስ አለች። «ይሄኛው ይቀላል አባዬ» አለችኝ። ከራሷ ጠመንጃ በ800 ግራም ይከብድ ነበር።

ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አፈሙዙ የሚጎትት 3.2 ኪሎ፣ ክብደቱ በሁለቱ እጆች መካከል ከሚያርፍ 3.6 ኪሎ ይልቅ ክንድ ያደክማል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጦ፣ ልጁ ሃያ ጊዜ ያህል አንስቶ ትከሻው ላይ እንዲያሳርፈው ማድረግ ያስፈልጋል። ከአስረኛው በኋላ ያለው ነው እውነቱን የሚናገረው።

«ቀላል ጠመንጃ ዒላማውን ቶሎ ይደርስበታል»

ቶሎ መነሳቱ እውነት ነው፤ ቶሎ መቆሙም እንዲሁ። የሚርቅ ሳህን የሚመታው ቃታ ከተሳበ በኋላም አፈሙዙ መንገዱን ሲቀጥል ነው፤ ክብደት ያለው ጠመንጃ ደግሞ እጅ ቢያመነታም እንኳ ጉዞውን አያቋርጥም። ክብደት ለመቀነስ ብሎ አጭር አፈሙዝ መምረጥም ይህንኑ ጥቅም ያሳጣል። የትራፕ አፈሙዝ በአብዛኛው ከ76 እስከ 81 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ትንሽ እርሳስ ሸክላ አይሰብርም፤ ሴቶች ደግሞ የግድ ቀላል ጠመንጃ ይሻሉ»

ሁለቱንም የሚመልስ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ጣሊያናዊቷ ጄሲካ ሮሲ ከ100 ሳህኖች 99ኙን ሰብራ ወርቅ ወሰደች፤ ያኔ ዕድሜዋ 20 ዓመት ነበር። በኦሊምፒክ የሚፈቀደው እርሳስ 24 ግራም ብቻ ነው፤ ሳህኖቹም ልጆቻችን ከሚተኩሱባቸው ይልቅ እጅግ ይፈጥናሉ። 24 ግራም ለዚያ ከበቃ፣ ለጀማሪ ከ16 ያርድ ላይ ከበቂ በላይ ነው። ለልጅ ጠመንጃውን ከማቅለል በፊት ጥይቱን ማቅለል ይቀድማል። አንዳንድ በራሳቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች በቀላል ጥይት ቀለሁን አልተፋም ስለሚሉ ግን፣ ብዙ ካርቶን ከመግዛት በፊት በአንድ ፓኬት መሞከር ይበጃል።

በእርግጥ ቀላል ጠመንጃ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ 3.5 ኪሎ ማንሳት ለማይችል በጣም ትንሽ ልጅ፣ ወይም ክንዱ ለተጎዳ ሰው። ያኔ በባሩዱ ጋዝ እየተገፋ በራሱ የሚጎርሰው ዓይነት ይሻላል፤ አሠራሩ ምቱን በጊዜ ስለሚዘረጋው ትከሻ ላይ ለስለስ ይላል። 21 ወይም 24 ግራም ጥይትና ለሰደፉ ጫፍ ጥሩ የጎማ መደገፊያ ይጨመርለታል። ልጁ እያደገ ሲሄድ በሰደፉ ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ክብደት መጨመር ይቻላል፤ ከፊት ካልተመጣጠነ ግን ሚዛኑን ያዛባል።

ልጄ አሁን የምትተኩሰው በ3.5 ኪሎው 12 ጌጅ ነው፤ ቃታ ስትስብ ዓይኗ አይጨፈንም። ያቺን 2.7 ኪሎ አልሸጥኳትም። በመከር ወራት ፋዛን የሚባለውን ወፍ ለማደን ስወጣ ከጠዋት እስከ ማታ በረጅሙ ሣር ውስጥ ይዣት እሄዳለሁ፤ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት ጥይት በላይ አልተኩስባትም።