የጣሪያን ውሃ ማቆር፦ ከአሸንዳ እስከ አትክልቱ ሥር

ውሃ ማቆር ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስቦ፣ በበርሜል ወይም በታንከር አጠራቅሞ፣ ዝናቡ ሲጠፋ ለአትክልት ማዋል ነው። ጥበቡ የቆየ ነው። የጥንቶቹ ናባታውያን በዛሬዋ ዮርዳኖስ የምትገኘውን የፔትራ ከተማ በበረሃ መሀል ያቆሙት ከዓለት ላይ የሚወርደውን ጎርፍ በጉድጓድ እያቆሩ ነው። ወንዝ በሌላት በአትላንቲክ ደሴት ቤርሙዳ ደግሞ ነጫጮቹ የቤት ጣሪያዎች ዝናቡን ከቤቱ ሥር ወዳለ ማጠራቀሚያ እንዲያወርዱ ተደርገው ይሠራሉ፤ ሕጉም ይህንኑ ያዛል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት እስከ እ.ኤ.አ. 2016 አብዛኛው ነዋሪ የጣሪያውን ውሃ ማቆር አይፈቀድለትም ነበር። ዛሬም የተፈቀደው ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 416 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የአካባቢን ደንብ ማየት ደግ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። የሚለካው የጣሪያው ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው መሬት ነው። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይመጣል። ከዚህ ላይ የሚተነውና የሚፈናጠረው ሲቀነስ በቆርቆሮ ጣሪያ ከ800 እስከ 900 ሊትር እጅ ይገባል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 5 ሚሊ ሜትር እንኳ ሳይዘንብ አፉ ድረስ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እየፈሰሰ ይሄዳል። አንድ በርሜል ገዝቶ ነገሩ አለቀ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ማዘኑ አይቀርም።

ታዲያ ምን ያህል ትልቅ ዕቃ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚዘንበውን ይቆጥራል እንጂ የማይዘንብበትን ቀን አይቆጥርም። መቆጠር ያለበት ግን በሁለት ዝናብ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። በሞቃትና ደረቅ ወቅት 1 ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን እስከ 5 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 50 ሊትር መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት የ200 ሊትር በርሜል አራት ቀን ብቻ ያደርሳል። ዝናብ ለሦስት ሳምንት የሚጠፋ ከሆነ ከ1,000 ሊትር በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ደረቁ ጊዜ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ወይ ትልቅ የመሬት ውስጥ ጉድጓድ መሥራት፣ ወይ መደቡን ማሳነስ ግድ ይላል።

ውሃው ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል። ከሁሉ የሚቆሽሸው ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ ቢቻል አንድ ሊትር ያህል ወደ ውጭ ማሳለፍ ብዙ ቆሻሻ ያስቀራል። ለዚህ ከታንከሩ በፊት ሽቅብ የቆመ ወፍራም ቧንቧ ይገጠማል። መጀመሪያ እሱ ይሞላል፤ ንጹሑ ውሃ ከላይ አልፎ ይሄዳል። ከዝናቡ በኋላ ቧንቧው ከሥሩ ተከፍቶ ይደፋል። አሸንዳው ላይ ወንፊት ማድረግም አይረሳ።

ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ቀልድ አያውቅም። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። መሬቱ ከተደላደለ በኋላ ጠጠር ወይም ኮንክሪት ያስፈልገዋል። ትንሽ ከፍ ማለቱም ይጠቅማል፤ ማጠጫው ከቧንቧው ሥር ይገባል፣ ውሃውም በራሱ ይወርዳል። ከፍታው ግን ተአምር አይሠራም። የ10 ሜትር ከፍታ ግፊት 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። በርሜሉ አንድ ሜትር ከፍ ቢል 0.1 ባር ይሰጣል። በጎማ ለማጠጣትና በአነስተኛ ግፊት ለሚሠራ የጠብታ መስኖ ይበቃል፤ የሚረጭ መሣሪያን ግን አያሽከረክርም። የውሃ መውጫው ከታችኛው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ደለሉ ከሥር ይቀራል። የትርፍ ውሃ መውጫው ስፋት ከመግቢያው ማነስ የለበትም፤ የሚፈሰውም ከቤቱ መሠረት ርቆ መሆን አለበት።

ክዳን የግድ ነው፤ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። ክፍት በርሜል ሕፃን ሊያሰጥም ይችላል። ትንኝም በሙቀት ወቅት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት በመግቢያውም በትርፍ መውጫውም ላይ ይደረግ። ብርሃን የማያሳልፍ ዕቃ ደግሞ ውሃው አረንጓዴ እንዳይሆን ይከላከላል።

ለተክል ይህ ውሃ ጥሩ ነው። ክሎሪን የለውም፣ ካልሲየምና ጨው እምብዛም የለበትም። ጠንካራ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት ውሃ፣ የሚያስቸግራቸው ተክሎች በእሱ ይፈካሉ። ለሰው መጠጥ ግን ሳይጣራና ሳይታከም አይሆንም። በጥሬው የሚበሉ ቅጠላ ቅጠሎችን ከላይ ከማርከፍከፍ ይልቅ ሥራቸውን ማጠጣት ይሻላል። እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባ ወይም የአስቤስቶስ ጣሪያ ከሆነ ለሚበላ ነገር ውሃውን አለመጠቀም ነው።

አንድ ማጠራቀሚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እሱም አፈሩ ራሱ ነው። ኮምፖስት የተቀላቀለበትና ጉዝጓዝ የለበሰ መደብ ውሃ ይዞ ይቆያል። ከበርሜሉ የሚተርፈውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ዛፍ ሥር ወይም ወደ ጎድጓዳ መደብ መምራት ይቻላል። በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ መሬቱ መጠጣቱን ይቀጥላል።