ማይክሮዌቭ ስትቀይሩ ጀርባውን አዙሩ

«ትራንስፎርመር ከተገዛለት የአሜሪካውም እዚህ ይሠራል።»

አይሠራም። ባሕር ዳር ውስጥ የቤት ዕቃ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚህ አባባል የሰው ገንዘብ ሲበላ ያየሁት የለም። ዓባይ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት የድሮው ማይክሮዌቫቸው ሲበላሽ ልጃቸው ከአሜሪካ በሰው እጅ አዲስ ላከችላቸው። እዚህ ትራንስፎርመር ተሸጠላቸው፣ ሰኩት፣ በራ። ሦስት ሳምንት ወተት አሞቁበት፣ ያደረ ሽሮ አሞቁበት። አንድ ቀን ማለዳ ቤቱን የተቃጠለ ሽታ ሞላውና በባጃጅ ጭነውት መጡ። «ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ነበር፤ ሰዓቱ ብቻ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረኝ እንጂ» አሉኝ።

ሰዓቱ በሽታውን እየነገራቸው ነበር። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት ኮረንቲው በሰከንድ የሚመታው ምት ብዛት ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ብዙ ማይክሮዌቮች ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከመብራቱ ምት ነው፤ በሰከንድ 60 የሚጠብቀው 50 ብቻ ሲደርሰው በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይዘገያል። የሰዓቱስ ባልከፋ። ጉዳቱ የሚደርሰው ሆዱ ውስጥ ባለው ከባድ ትራንስፎርመር ላይ ነው። ብረቱ የተሰላው ለ60 ምት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ምት ሲረዝምበት ከአቅሙ በላይ ማግኔት ይሞላል፣ ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም የመዳብ ጥቅልሉ ይነዳል። ውጭ የተቀመጠው ትራንስፎርመር የቱንም ያህል ቢገዝፍ ከዚህ አያድነውም። ኢንቨርተር ያላቸው ማይክሮዌቮች ኃይሉን መጀመሪያ ወደ ቀጥታ ኮረንቲ ስለሚለውጡት ብዙውን ጊዜ ኸርዙን ይችሉታል። እነሱም ቢሆኑ ከ1,500 ዋት በላይ የሚሸከም ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ፤ ያን የሚያህል ብረት ኩሽና ውስጥ ማኖርን እኔ አልመክርም።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ከሳዑዲ የሚመጣው ነው። እዚያ ቮልቱ ከእኛ ጋር ይቀራረባል፣ ኸርዙ ግን 60 ነው። ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሰካል፣ ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ዕቃውን አዙሩና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ካለ ግዙ። ቮልቱ ያው ሆኖ «50/60» ካለም ግዙ። «60» ብቻ ካለ፣ ዘመድ የላከው ስጦታ ቢሆን እንኳ አትሰኩት። የዓባይ ማዶዋን እናት ይዤ ገበያ ወጣሁ፤ ሦስተኛው ሱቅ ስንደርስ ባለሱቁ ስለ መስታወቱ ማማር ሲያወራ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን እያነበቡ ነበር።

«1,200 ዋት ነው ተብሎ ተሸጠልኝ።» ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው አንዳንድ ጊዜ ከሶኬቱ የሚስበው ነው። ምግቡ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል፤ 1,200 የሚስብ 700 ቢሰጥ ትክክለኛ ነው። ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ የሚሰጠውን ከሚሰጠው ጋር አወዳድሩ። ቤት ውስጥ ለመፈተን ደግሞ አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ሙቀቱን ለክታችሁ አስገቡ፣ በሙሉ ኃይል ሁለት ደቂቃ አሙቁት፣ አማስሉና እንደገና ለኩ። የጨመረውን ዲግሪ በ35 አባዙት። 20 ዲግሪ ከጨመረ 700 ዋት ሰጥቷል ማለት ነው። «ቶሎ አፈላ» ብሎ መፍረድ ግን ያሳስታል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው።

«ኃይሉ ደክሟል፣ መቀየር አለበት።» ሽምብጥ አካባቢ ያሉ አንድ ደንበኛዬ ያላቸውን ትተው አዲስ ሊገዙ ነበር። «ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚደክመው?» ብላቸው «ማታ፣ ራት ሰዓት ላይ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቱ ይወርዳል፣ ማይክሮዌቭ ደግሞ ቮልት ሲወርድበት ፈጥኖ ይደክማል። ረፋድ ላይ ያንኑ ውሃ ሲያሞቁ እንደ አዲስ ሠራላቸው። አዲሱንም ቢገዙ ማታ ማታ ያው ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚገድለው፤ በጠፋ ጊዜ ከሶኬቱ ንቀሉ።

«ብልጭ ብልጭ ካለ አበቃለት።» አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለችው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያለችው ካርቶን የምትመስል ማይካ ናት። ወጥ ተረጭቶባት፣ ቅባቱ ከስሎ ነው። እሷ ትቀየራለች። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩ።

«መብራት ይበላል።» እንጀራ የምትጋግሩበት ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። ይኼ ለሦስት ደቂቃ ነው።

«ጨረሩ ምግቡ ውስጥ ይቀራል።» አይቀርም። ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል፣ አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር። ያገለገለ ስትገዙ መፍራት ያለባችሁ የተጣመመ በር ነው፤ በሩ ከፍሬሙ ጋር እኩል የማይገጥመውን ወይም መቆለፊያው የላላውን ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

«ትልቁ ይሻላል።» የምትበሉበትን ሰፊ ሳህን በሜትር ለኩና ይዛችሁ ሂዱ። ሳህኑ ግድግዳ ሳይነካ መዞር ከቻለ 20 ሊትሩ ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻጩ «ይኸው ይሠራል» ብሎ ባዶውን ሲያስነሳው ዝም ብላችሁ አትዩ። ጉልበቱን የሚቀበል ምግብ ወይም ውሃ ከሌለ ተመልሶ ሞገድ የሚያመነጨውን ማግኔትሮኑን ይመታዋል። አንድ ኩባያ ውሃ ጠይቁ፣ አስገቡበት፣ ከዚያ ይለኩሰው። የተበላሸውንም አሮጌውን ቤት ውስጥ በራሳችሁ አትፍቱ፣ ልጆችም እንዲፈቱት አትስጡ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ሰው የሚገድል ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ይችላል።